የዳልቻ ጭራ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡00፣ ደብረ ሲና

ጉሙ አልተነሣም። ቦርሳዬ ውስጥ መቀስና የወረቀት ፖስታዎች አሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን ከደጋ እስከ ቆላ ሣርና የላም ጭራ ጸጉር እንድሰበስብ ልከውኛል። ያደርኩት መንገድ ዳር ቆሎ ከሚሸጡት ከእትዬ አስካለ ቤት ነው።

"ጸጉር ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ።

ደስ ብሎኝ አስረዳሁ። የቆላ ሣርና የማሽላ አገዳ ከደጋ ሣርና ከገብስ ገለባ ይልቅ ከባዱ የካርቦን ዓይነት ይበዛባቸዋል፤ ላም የበላችው ደግሞ ጸጉሯ ላይ ይቀራል።

"እንግዲያው የእኔን ላም፣ ዳልቻን ቁረጪያት። ቆላ ቀወት፣ ታደሰ ዘንድ በርቢ ሰጥቻታለሁ" አሉ። ላሟ የእትዬ፣ ድካሙ የጋሼ ታደሰ፣ ጥጃውና ቅቤው የጋራ ማለት ነው። "በጋውን ግን ወተቷ ነጠፈ ብሎ አንዲት ማንኪያ ቅቤ አልላከም።"

ከጠዋቱ 3፡00፣ ሸዋ ሮቢት

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ተሳፋሪው ጋቢውንና ጃኬቱን እያወለቀ ነበር። አርማንያ ላይ አስቁሜ ሣር ስቆርጥ ሹፌሩ "ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለአጨዳ ነው እንዴ?" አለኝ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሮቢት ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። የማንጎ ክምር፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ አቧራ። በባጃጅ ወደ ቀወት ቀጠልኩ።

4፡30፣ ቀወት

ጋሼ ታደሰ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ዳልቻን ራሳቸው ያዙልኝ፤ ጥጃዋ አጠገቧ ታስሯል።

"ጸጉሩ የት እንደከረመች ይናገራል አልሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ወሩንም?"

ክፍላችን ውስጥ እንኳ ይህን የጠየቀ የለም። "ወሩንም! ከሥሩ ያለው የቅርቡ፣ ከጫፉ ያለው የቆየው ነው" አልኩ።

ጭራዋን ለቀቁት። "ያቺኛዋን ላም ብትቆርጪ አይሻልም?"

"እትዬ ዳልቻን ነው ያሉኝ" አልኩና ቆረጥኩ።

ከቀኑ 10፡00፣ ደብረ ሲና

እትዬ ስለ ውሎዬ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጋሼን ጥያቄ ሳይቀር፣ በአድናቆት።

ቆሎ የሚሰፍሩበት ጣሳ በእጃቸው ቆመ። "ወሩን ጠየቀሽ?" ስልኩን አነሡ፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

"ታደሰ፣ ላሚቱ በጋውን የት ነበረች?"

"ሴት ልጄ ዘንድ፣ ደጋ። ወልዳ ጡቷ እምቢ አላት። ለሕፃኑ ብዬ ወሰድኳት።"

"ነጠፈች ነበር ያልከኝ።"

"አፍሬ ነው፣ እትዬ አስካለ። ለምኜ ቢሆን..."

"አሁኑኑ ሰው እልካለሁ። ከነጥጃዋ ትውጣ።"

"የጥጃው እኩሌታስ?"

"በጠጣችሁት ተካክሷል።"

"እትዬ፣ ጸጉሩ እኮ ገና አልተመረመረም" አልኩ።

"ምን ሊያደርግልኝ? እሱው ተናገረ" ብለው ወደ ቆሏቸው ዞሩ።

እሑድ ረፋድ አውቶቡሱን ስጠብቅ ዳልቻ ሌሊቱን ተጉዛ ዳገቱን ጨርሳ ደረሰች። የማላውቀው ሰው ይጎትታታል፤ ጥጃዋ ከኋላ ይከተላል። ጭራዋ ላይ መቀሴ ያለፈበት ቦታ ከሩቅ ይታያል።

ሰኞ፣ ዩኒቨርሲቲ

ፖስታው ላይ የሰማሁትን በጥንቃቄ ጽፌ ነበር፤ ቀወት፣ በጋውን ደጋ የከረመች። መምህሩ አነበቡት።

"ይህቺ አትሆነንም፤ የቆላውን ናሙና ታበላሽብናለች" ብለው ፖስታውን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ፈገግ አሉ። "ማስታወሻ በመያዝ ግን ጎበዝ ነሽ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩ።