የቧንቧው ድንጋይ

ከሞጣ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል ስለሰነበተ፣ አባቴ የጨርቅ ሱቁን ሳይከፍት መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ፣ "ቢቸናን ስታልፊ ደውዪ" አለኝ። ቢቸናን አለፍን፤ ኔትወርክ ግን አልነበረም። አዲስ አበባ እስክንገባ ስልኬን ጨብጬ ነበር።

ባለቤቴ ሰይድ ቀድሞኝ ጀርመን ገብቶ ስለነበር አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። ልጃችንን ሐያትን የወለድኳት እዚሁ ነው። ብርዱን በጋቢ ቻልኩት። ያቃተኝ ውኃው ነው። ጡቴ እምቢ ስላለ ሐያት የምታድገው በዱቄት ወተት ነው፤ ውኃ የማፈላበት ማንቆርቆሪያ ደግሞ ሳይሰነብት ውስጡ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። ሻዩ ላይ ሳይቀር ቅርፊት ይንሳፈፋል። እናንተ እዚያ ያላችሁ ሳቁ እንጂ፣ የእኛ ውኃ ቢደፈርስ እንኳ ሲያድር ይጠራል፤ ይሄኛው ጥርት ብሎ ይወርድና ሲፈላ ድንጋይ ይሆናል!

አከራያችንን ጠራናቸው። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አገላብጠው አዩና፣

"ካልክ ነው" አሉ፤ ኖራ ማለታቸው ነው።

"መርዝ ነው?" አለ ሰይድ፣ ይቺን በምታህል ጀርመንኛው።

"ናቱር ነው፤ የተፈጥሮ። ከዓለቱ የሚመጣ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁ።"

"ልጃችን ሕፃን ናት እኮ።"

"እኔም ሕፃን ነበርኩ" ብለው ወጡ።

ማን ይመናቸው! ሰይድ ሱቅ ሄዶ የታሸገ ውኃ ተሸክሞ መጣ፤ ማዕድኑ ከሁሉ የበዛውን መርጦ። "ማዕድን ያጠነክራታል" አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። በዚያ ወተቷን በበጠበጥኩላት ማግስት ተቅማጥ ጀመራት። የቧንቧው ርዝራዥ ነው ብዬ ጡጦዋን ሳይቀር በታሸገው አጥብ ጀመር። ባሰባት። ዓይኗ ጎደጎደ። ስታለቅስ እንባ አልወጣት ሲል አቅፈናት ሐኪም ቤት በረርን።

ሐኪሟ ጉሉኮስ አስተከለችላትና፣ "ምን ውኃ ነው የምትሰጧት?" አለች። ሰይድ በኩራት ጠርሙሱን ከቦርሳው አወጣ። ሐኪሟ ጽሑፉን አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይሄ ለአዋቂ እንኳ ሆድ ማለስለሻ ነው። ማዕድኑ ለሕፃን ይከብዳል።"

"የቧንቧው ግን ድንጋይ አለበት" አልኩ።

"ድንጋዩ ለማንቆርቆሪያው ነው ክፉ። ለልጅዎ የቧንቧውን አፍልተው ይስጧት።"

ሰይድ ጠርሙሱን የት እንደሚደብቀው ጠፋው። ሌሊቱን ሙሉ አፏን እያየን ተቀመጥን፤ ሊነጋ ሲል ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ ስትጮህ፣ ሁለታችንም አልሐምዱሊላህ አልን።

እሷ ዳነች። እኔ ግን ዛሬም ወተቷን ከመበጥበጤ በፊት ውኃውን ሁለቴ አፈላዋለሁ።

በቀደም የሞጣ ኔትወርክ ተመልሶ እማን በስልክ አገኘኋት። ሆድ ባሰኝና፣ "እማ፣ የዚህ አገር ውኃ አስቸገረኝ" ብዬ ጀመርኩ።

"ለመሆኑ ውኃው አለ?"

"አለ።"

"የኛስ ቧንቧ ከደረቀ ሰነበተ። ከወንዝ ነው የምናስቀዳው። አይዞሽ ልጄ፣ ብቻ ልጅቱን አደራ።"

ጡጦ ላጥብ ብዬ ቧንቧውን ከፍቼው ኖሯል። የውኃው ድምፅ ለእማ እንዳይሰማት ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።