አባቴ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ዕለት

ማለዳ ከብቸና የተሳፈረ ሰው ምሳውን ሞጣ ይበላል። በደብረ ወርቅ በኩል የሚያልፈው ያ መንገድ ባሕር አያቋርጥም፤ ቋንቋ አይለውጥም፤ ገበታም አይለውጥም። እኔ ግን በዚያ መንገድ ሄጄ ስደተኛ ሆኛለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርሁት ባሕር ማዶ ነው። እዚያ እንኳ «ከወዴት ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ ሞጣ ላይ የተጠየቅሁትን ያህል አልተጠየቅሁም።

ወደ ሞጣ የመጣሁት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ተመድቤ ነው። በኋላ ሥራውን ለቅቄ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል የጥብቅና ቢሮ ከፈትሁ። አግብቼም የኖርሁት እዚያው ነው፤ ባሌን የቀበርሁትም እዚያው። የድንበር፣ የውርስ፣ የቀለብ ክርክር ያለበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ «ጠበቃዬ» ይለኛል። ይህን አጠራር ለረጅም ጊዜ እንደ ማስረጃ ቆጥሬው ነበር። ማስረጃን መመዘን ሙያዬ መሆኑን ሳስብ ስሕተቱ ይበልጥ ያሳፍራል።

ለከተማው ምክር ቤት በግል ዕጩነት የቀረብሁበት ምክንያት ውስብስብ አልነበረም። መንገድ ሲሰፋ ቤታቸው የሚፈርስባቸው መበለቶች ምትክ ቦታ ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። የአንዷን ጉዳይ ይዤ እከራከራለሁ፤ ስረታ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሳይቆይ ሌላዋ ያንኑ እንባ ይዛ በዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ምክር ቤቱ በአንድ ስብሰባ ሊደፍነው የሚችለውን ቀዳዳ በመርፌ እየጠቀምሁ ማርጀቴን አየሁ። ከውስጥ ገብቼ ልድፈነው አልሁ። ምኞቴ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የሰፋ ምኞት ኖሮኝ አያውቅም።

የምርጫ ምልክቴ ቁልፍ ነበር። በገበያ ቀን ሽንኩርት ወደምትሸጥ አንዲት መበለት ሄድሁ። የቤቷን ክርክር የረታሁላት እኔ ነኝ።

«ጠበቃዬ፣ ምልክትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ቁልፍ ነው።»

«ቁልፍማ ለእንግዳ አይሰጥም!» አለ ከጎኗ ጨው የሚሸጠው ሰውዬ። ሣቁ እስከ በርበሬ ተራ ተሰማ።

«አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ!» ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይክፋሽ ጠበቃዬ። ለፍርድ ቤት ካንቺ ወዲያ ላሳር! ለምክር ቤት ግን የእኛው ልጅ አለ። አንቺ ሲከፋሽ ወደ እነማይሽ ትሄጃለሽ፤ እኛ ወዴት እንሄዳለን?»

ብቸና የእነማይ ወረዳ ናት፤ ሞጣ የእነሴ። የልዩነታችን መጠን ይህ ነው። «የእኛው ልጅ» ያለችው ተወዳዳሪዬ እህል ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘመዱ ብዙ ነበር፤ በምርጫ ደግሞ ዘመድ ራሱን የቻለ መከራከሪያ ነው።

ቢሆንም ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ያጋድል ጀመር። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ከእኔ ጋር ሆኑ። ሞጣ ላይ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሲነግዱ የኖሩት ሙስሊሞችም እንደዚያው፤ የአገር ልጅነትን ሌላ ሰው ሲመዝንልህ ምን እንደሚመስል ለእነርሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ላሸንፍ እንደምችል ከእኔ ቀድመው ያወቁት የከተማው ሽማግሌዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ ብቸና ውስጥ ሸማኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድርና ማግ ሲያገናኝ ኖረ። እኔ የተማርሁት በዚያ ነው። የእርሱን ጋቢ የማይለብስ የተከበረ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ የእርሱን እህል የሚቀምስ የተከበረ ሰውም አልነበረም። አገሩ ጨዋ ስለሆነ ማንም ፊት ለፊት አይሰድበውም። ወደ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነበር፤ ያ ብቻ ነው። በፋሲካ ሳምንት እንኳ «ሆዴን አሞኝ ዋለ» የሚል አይጠፋም። እናቴ ያቀረበችውን ሳይነካ መልሳ ታነሣዋለች። በሠርግና በተዝካር የአባቴ ቦታ ከበሩ ሥር ነው። ደም ሲደርቅ፣ ባልና ሚስት ሲታረቁ፣ ሽማግሌ ይጠራ ሲባል፣ የእርሱን ስም ያነሣ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከሞጣ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚከበሩት ሦስቱ ቆመዋል። ከፊታቸው የቆመው አባቴ ነው።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ፣» አለኝ። ከዚያ ጋቢውን አስተካከለና በማላውቀው ድምፅ «ለጉዳይ መጥተን ነው፣» አለ።

ገቡ። ወንበር አቀረብሁ፤ አልተቀመጡም። በአገራችን ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ «እሺ» እስኪባል ይቆማል፤ ውኃም አይቀምስም። ይህ ሕግ ከተማርኋቸው ሕጎች በአንዱም ውስጥ የለም። ይግባኝም የለውም።

ከሦስቱ ታላቁ ጀመሩ። አንደበታቸው የለዘበ፣ ብዙ ሰው ያስታረቁ ናቸው።

«ልጄ፣ የመጣንበትን ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። ይንገሩኝ።»

«አይ ጠበቃ! ታውቂዋለሽ እንጂ፣» ብለው ፈገግ አሉ። «ከዚህ ውድድር ውጪልን። ጠልተንሽ አይደለም። ነገ ብትመረጪ ግን ‹እነሴ ሰው ቢጠፋባት ከእነማይ ተዋሰች› እንባላለን።»

«ሕጉ በከተማው የኖረ ሰው ይወዳደራል ነው የሚለው።»

«ሕግማ ምን አለበት! ሕግ አገር የለውም፤ እኛ ግን አለን።»

«ባሌ እኮ እዚሁ ነው የተቀበረው።»

«ነፍሱን ይማረው። እሱማ የእኛ ነው።»

ብዙ ተከራካሪ ገጥሞኛል፤ በዚህ ያህል አጭር ቃል ከባሌ መቃብር ያስወጣኝ ግን አልነበረም። መልስ አላጣሁም። የሚያነሡትን ሁሉ እየነቀስሁ አፈረስሁ። ሁለተኛው ሽማግሌ በምርኩዛቸው ወለሉን እየቆረቆሩ «እንዲህ የሚከራከር ልጅ ለእኛም በሰጠን!» አሉ፤ ሙገሳ ይሁን ምጸት አልለየሁትም። በዚያ መሐል አባቴን አየሁት። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሽመናው ጉድጓድ ብርድ የጨረሰው ጉልበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅዳሴውን በመቋሚያ ተደግፎ አይዘልቀውም። አንድ ወንበር አንሥቼ ከኋላው አኖርሁለት።

«ተቀመጥ አባዬ።»

ተማሪ መምህሩን እንደሚያይ ሽማግሌዎቹን አየ። «አልቀመጥም፣» አለ።

«እስቲ አባታችን ይናገሩ፣» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

አባቴ «አባታችን» ያሉት እርሱን መሆኑ እስኪገባው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ልጄ፣ እኔ ያስተማርሁሽ አንገትሽን እንድትደፊ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ብዬሽም አላውቅ። ግን እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ከሞጣ ድረስ ቤቴን ጠይቀው መጡ። በቀን፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ገቡ። ያለንን አቀረብን። በሉ። ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ከመሶቤ በሉ፤ ጾም ነን አላሉም፤ ጠላም ደገሙ። እኔው ቤት አደሩ። እንግዲህ እኔ ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው?»

ምስክር ሲናገር የሌሎቹን ፊት ማየት ልማዴ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያዘኑ መሰሉ። ታላቁ ግን መሬት መሬት አዩ። ያውቁ ነበር። ብቸና ሄደው አባቴ ማን እንደሆነ፣ ምን ተነፍጎ እንደኖረ አጣርተው፣ ያንኑ ሰጥተውት ነው ይዘውት የመጡት። ብልህ ናቸው። እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን ከዚህ የተሻለ ስልት አላገኝም ነበር።

እምቢ ብል ምን እንደሚሆን በዚያች ቅጽበት አሰብሁት። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸው ይወጣሉ፤ ለእነርሱ ነገም ሌላ ጠበኛ፣ ሌላ እርቅ አለ። አባቴ ግን በሽምግልና ወጥቶ የገዛ ልጁ ያሳፈረችው ሰው ሆኖ ወደ ብቸና ይመለሳል። ጎረቤቶቹም ወደ ጾማቸው ይመለሳሉ። በሌላው በኩል የማላውቃቸው መበለቶች ነበሩ፤ ገና ቤታቸው ያልፈረሰ። እነርሱ ፊቴ ላይ አልቆሙም። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አላየሁም።

«እሺ፣» አልሁ።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ክብር። አባቴን ከላይ፣ ከታላቁ ሽማግሌ ጎን አስቀመጡት። ምሳ አቀረብሁ። እነርሱ በሉ። አባቴ የረባ አልበላም፤ እጃቸው ከገበታው ወደ አፋቸው ሲሄድ ይመለከት ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው እስኪሞላ አጥር ተደግፈን ቆምን።

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምሁም።»

«ከላይ አስቀመጡኝ እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«‹አባታችን› አሉኝ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

እንባ አልመጣልኝም። ቢመጣ ደስታውን ያበላሽበት ነበር፤ እርሱ ደግሞ ደስ ብሎታል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። እናቴን ሲያገባ አልነበርሁምና ስለዚያ መመስከር አልችልም።

ዕጩነቴን በጽሑፍ ተውሁ። እህል ነጋዴው ተመረጠ። በዓመቱ አንዲት ሴት የቤቷን ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ይዛ ቢሮዬ መጥታ በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ምክር ቤቱ በመንገዱ መስፋት ላይ ወስኖ፣ ስለ ምትኩ ቦታ ሳይነጋገር ተበትኗል። መዝገቧን ከፈትሁ። ሽንኩርት ሻጯ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። «ሽማግሌ ማክበርሽን ሰማን። አሁን ገና የእኛ ሰው ሆንሽ!» አለችኝ። ከልቧ ነው። የሞጣ ሰው የሆንሁት ለሞጣ የምሠራውን በተውሁ ዕለት ነው፤ ይህን ለእርሷ ማስረዳት ጭካኔ ስለሚሆን አመስግኛት አለፍሁ።

አባቴ ዛሬ ሽመና ትቷል። ዐይኑ ክር አይለይም። በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፤ ስለ ጤናዬ ከጠየቀ በኋላ ሳያነሣው የማያልፍ ነገር አለ።

«እነዚያ ሽማግሌዎች እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል።»

ሰላም ብለውት አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ታላቁ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ደጃፍ አግኝተውኝ «ያ ሸማኔ አባትሽ አለ እንዴ?» ብለዋል። አለ አልኋቸው። የዚያን ሳምንት ለአባቴ «‹አባታችን እንደምን ናቸው?› ብለው ጠየቁኝ፣» አልሁት። ሐሰተኛ ምስክርነትን እየነቀፍሁ በችሎት ፊት ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ባለፈው ስደውል ድምፁ ደከም ብሎ ነበር። ሰላምታውን ነገርሁት።

«እንግዲያስ፣» አለኝ። «እዚያ የሚያስታርቁት ሰው ካለ፣ የሚለምኑት ነገር ካለ፣ መምጣት አያቅተኝም በያቸው። ጉልበቴ ደህና ነው። መቆም እችላለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ አባዬ፣» አልሁት።