«እኔን» የተከለከለበት መጋዘን

ላብ ይቀፈኛል። የራሴም ቢሆን። ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እጄን በአልኮል ስጠርግ እውልና ቤቴ ስገባ ደግሞ በሳሙና እደግመዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ከሌላ ወንድ ጋር መሬት ላይ ተጠላልፎ ምን እንደሚንከባለል ብትጠይቁኝ ዛሬም አጥጋቢ መልስ የለኝም። ወገቤን ሲያመኝ ስፖርት ሥራ ተባልኩ፤ ሮቤ ውስጥ ከሥራ ስወጣ ክፍት ሆኖ ያገኘሁት ደግሞ ይኼን የትግል ቤት ብቻ ነበር።

ቦታው የድሮ የስንዴ መጋዘን ነው። ወለሉ ላይ ገለባና የተቦጫጨቀ ስፖንጅ ተነጥፎ ከላዩ የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሮበታል። ስንዴው ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ነቀዙ ግን አሁንም ከግድግዳው ስንጥቅ እየወጣ አንገታችን ላይ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ገለባው ከስር ይረጥብና እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ካልሲ፣ እርጥብ ሰው ይሸታል። ብርዱን ፈርተን መስኮት ስለማንከፍት የትናንቱ ትንፋሽ ለዛሬ ይቆየናል። በመጀመሪያው ቀን ቋቅ ብሎኝ ውጭ ወጥቼ ነበር። በማግስቱ ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም።

የሚያስተምረን ሰው ከጎባ በሚኒባስ ይመላለሳል። ሁላችንም «ማስተር» ነው የምንለው። የብራዚል ጁጂትሱን የተማረው አዲስ አበባ ሲኖር ነው፤ ለእኛ ግን የውጭውን ስም ትቶ በራሱ አማርኛ ያስረዳናል። በጀርባው የተኛ ሰው ከላይ የመጣበትን በሁለት እግሮቹ የሚያግድበትን አያያዝ «አጥር» ይለዋል። የላይኛው አጥሩን አልፎ ደረቱን ደረቱ ላይ ከጣለበት በኋላ፣ የታችኛው ሥራ ወገቡን አሽሽቶ፣ ጉልበቱን መሀል አስገብቶ አጥሩን መልሶ ማጠር ነው። የላይኛው ሥራ ያንን መከልከል ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ስፖርት የተማርኩት ይህንኑ መከልከል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

«ጉልበቱን አትይ» ይላል ማስተር። «ወገቡን እይ። ጉልበት የሚመጣው ወገብ ከራቀ በኋላ ነው። ወገቡ ሲሸሽ ተከተለው፣ ክፍተት አትስጠው። ትከሻህን መንጋጭላው ላይ አስደግፈህ ፊቱን ወደዚያ አዙረው፤ ሰው ፊቱ ወዳልዞረበት አይገላበጥም። ጉልበቱ ከመጣም ገና ጫፉ ብቅ ሲል በእጅህ ወደ መሬት ተጫነው።»

ይኼን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር። ያቃተኝ ሌላ ነው። ያቃተኝ «እኔን» ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን» ይባላል። ጣቱን መዝጊያ ሲቆነጥጠው «እኔን»። ሕመምህ በእኔ ይሁን እንደ ማለት ነው፤ ግን ማንም አስቦ አይለውም፣ አፍ ራሱ ይለዋል። ፋርማሲ ውስጥ ከመድኃኒቱ በፊት የምሰጠው እሱን ነው። መጋዘኑ ውስጥ ግን ጉድ ሠራን። የታችኛው ትንሽ «እህ» ካለ የላይኛው «እኔን!» ብሎ ደረቱን ያነሳለታል። በዚያች ጣት በማታስገባ ክፍተት ወገቡ ይሸሻል፣ ጉልበቱ ይገባል፣ አጥሩ ይታጠራል። ዳር ሆነው ተራ የሚጠብቁትም በአንድ አፍ «እኔን!» ይሉ ነበር። ኦሮምኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ያደጉት ልጆች ሳይቀሩ ለምደውት አብረው ይላሉ።

አንድ ቀን ማስተር ትዕግስቱ አለቀ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው ጥሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ስፖርተኛ የት ነው ያያችሁት? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ‹እኔን› ያለ ሰው ሃያ ፑሻፕ ይሠራል። ዳር ያላችሁትም ጭምር!»

ሳቅን። የዚያን ቀን እኔ ብቻ መቶ ሠራሁ።

በዚህ «እኔን» ከሁሉም ቀድሞ የተጠቀመው አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። በክብደት እኩያዬ ስለሆነ ዕጣዬ ከእሱ ጋር መታገል ሆነ። ከተማው ይወደዋል። ገበያ ውለው የደከማቸውን እናቶች ሳያስከፍል ያደርሳል፣ በየመንገዱ «አካም ኦልተ» ብሎ ሰላም ሳይል አያልፍም። እኔ ግን ገላው ይሰቀጥጠኝ ነበር። እጁ ቤንዚን፣ አፉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ የራሰ ፀጉሩ ጉንጬ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ማስመሰሉ ነው። ተቸግሬ ተቸግሬ አጥሩን አልፌ ስይዘው «ወይኔ ጎኔ!» ይላል። እኔ የዋሁ እነሳለታለሁ። ወዲያው ጉልበቱ ደረቴ ላይ ነው፤ ከጉልበቱ በላይ ደግሞ ፊቱ አለ፣ በአንድ ዓይኑ እየጠቀሰኝ። የአዞ እንባ! እሱ እየሳቀ ይተወኛል፣ እኔ ፑሻፕ እሠራለሁ። በሰው ርኅራኄ እንዲህ መቀለድ እንዴት ደስ እንደሚል አይገባኝም ነበር። አንገሸገሸኝ።

ከዚያ ማስተር የአዲስ አበባውን ውድድር አመጣ። ከየክብደቱ የሚሄደው አንድ ሰው ነው። በእኛ ክብደት ያለነው እኔና እሱ ብቻ ስለሆንን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ተጋጥመን ያሸነፈው እንዲሄድ ተወሰነ። ባጃጅ ነጂው አዲስ አበባን አይቷት አያውቅም፤ ከሻሸመኔ አልፎ አልሄደም። ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር «ልሄድ ነው እኮ» ይል ነበር አሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባን ጠግቤያታለሁ፤ ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። አንዴ እንኳ ልውጣ ብዬ ቆረጥኩ። በተለይ በእሱ ላይ።

ለሦስት ሳምንት ትከሻ ወይም ወገብ አልነበረም የሠራሁት፤ አፌን ነው። ሰው ሲያቃስት መስማትና ዝም ማለትን ተለማመድኩ። ፋርማሲ ውስጥም ሳይቀር። አንድ ቀን ከዲንሾ የመጡ አዛውንት እግራቸው አብጦ እያነከሱ ገቡና ያንኑ ያበጠ እግራቸውን ከመደርደሪያው ብረት ጋር አጋጩት። እያየኋቸው ዝም አልኩ። ሲቃቸውን ዋጥ አድርገው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ። የሐኪም ማዘዣቸውን ተቀበልኳቸው። በውስጤ ግን፣ ማፈሪያ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ተሳካልኝ ማለት ነው ብዬ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሸራው እንደ ቀዝቃዛ አሳ ያሟልጫል። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ግማሹ «ጃባዹ! በርታ!» እያለ ለእሱ ይጮሃል። የጊዜው ግማሽ ሳይሞላ አጥሩን አለፍኩት። ደረቴን ጣልኩበት፣ ትከሻዬን መንጋጭላው ላይ አስደግፌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሽንኩርቱ ሸተተኝ። ወገቡ ሸሸ፣ ተከተልኩት። እንደገና ሸሸ፣ ተከተልኩት። ጉልበቱ ጫፉን ብቅ ሲያደርግ በእጄ ሸራው ላይ ያዝኩት። ማስተር ያስተማረኝ ሁሉ አንድም ሳይቀር እየሠራ ነበር።

ያን ጊዜ እንደ ልማዱ «ወይኔ ጎኔ!» አለ።

አልተነሳሁም። በኃይል ተወራጭቶ ወደ እኔ ሊገለበጥ ሲል ዳሌዬን አዙሬ ጎኑ ላይ ተቀመጥኩበት። ከስሬ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ድምፁን ከመስማቴ በፊት በገላዬ ነው ያወቅሁት። «ወይኔ!» አለ እንደገና፤ ይኼኛው አጭር ነው፣ ትንፋሽ የለውም። መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ልዩነቱ አልጠፋኝም። እንኳን እኔ፣ ዳር ያሉትም ለይተውታል። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ባለኝ ክብደት ሁሉ ተጫንኩት። ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ከስሬ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲወጣና ሲገባ ይሰማኝ ነበር።

ማስተር እጄን አነሳው። ባጃጅ ነጂው በጎኑ ተጠቅልሎ ሸራው ላይ ቀርቷል። አሥራ አምስት ሰው ቆሞ ያየዋል፣ አንድም ሰው «እኔን» አላለም። ሃያ ፑሻፕ ፈርተን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ምሳር መሆን እንዲህ እንደሚከረፋ የነገረኝ ግን አልነበረም። የራሴን ሽታ ልሸሸው አልቻልኩም።

በራሱ ባጃጅ፣ ጓደኛው እየነዳ፣ እኔና ማስተር መሀል አስቀምጠነው ጎባ ወሰድነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። ራጅ ተነሳ፤ ጎድኑ ተሰንጥቋል፣ ለሳምንታት መሪ መያዝ የለም፣ ተኛ ተባለ።

ሦስት ቀን ቆይቼ ማስተርን «አዲስ አበባ አልሄድም» አልኩት። «እንግዲያው ከክብደታችሁ ማንም አይሄድም» አለኝ። ይህን ዜና ይዤ፣ የማስታገሻ መድኃኒትና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ ልጠይቀው ሄድኩ። እንደማልሄድ ሲሰማ ይቅር ይለኛል ብዬ አስልቼ ነበር። ሌላው ቢቀር ይኼ ስሌቴ ዛሬም ያስጠላኛል።

እናቱ በሩን ከፈቱልኝና «ግባ ልጄ፣ ተኝቷል» አሉኝ። የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ነው። እኔ የምላቸውን እያጠናሁ ስገባ ግንባሬን ከእንጨቱ ጋር አጋጨሁት፤ ጓ አለ።

«እኔን!» አለ ከአልጋው።

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ድምፁ ጎኑን ወጋው መሰለኝ ፊቱ ተለወጠና በሁለት እጁ ጎኑን ያዘ። እናቱ ወደ እሱ ሮጡ። እኔ በሩ ላይ ግንባሬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እሱ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠብቆ፣ ያንን የምጠላውን አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ሃያ አለብኝ» አለኝ። «አሁን አልችልም። አንተ ሥራልኝ።»

ፌስታሉን አስቀመጥኩ። ወለሉ ገና በእበት የተለቀለቀ ነው፣ አልደረቀም፤ ሽታው ይሰማኛል። መዳፎቼን ዘርግቼ አሳረፍኩበት፣ ቀዝቃዛው በጣቶቼ መሀል ወጣ። እናቱ «ምን ሆናችሁ እናንተ ልጆች?» ሲሉ እሱ መቁጠር ጀመረ። ቀስ እያለ ነው የሚቆጥረው፣ ሳቁ እንዳያመው። አሥራ ሁለት ላይ ክንዴ ተንቀጠቀጠና አገጬ እበቱን ነካ።

«እኔን» አለ። «በል፣ አሁን አርባ ሆነ።»