በሪሞት የታዩት ጉብታዎች

ብሩክሊን ፓርክ በሚባለው የፈረንጅ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ከኋላው እስከ ወንዙ ድረስ ዛፍ የበዛበት መሬት ነበረው። እኔ የፓርኪንግ አገልጋይ ነበርኩ፤ ማለትም መዝሙር ካለቀ በኋላ መጥተው በሩ ላይ ፓርክ ካላደረግን የሚሉትን ወገኖች የምቆጣ ሰው። ከዛፎቹ መሀል ያሉትን ጉብታዎች ደልድለን አስፋልት ብናደርጋቸው እገላገላለሁ ብዬ ሽማግሌዎቹን ስነዘንዝ ከረምኩ። በመጨረሻ እሺ ሲሉኝ ከተማው ሥራውን አገደው። ጉብታዎቹ የአገሩ የጥንት ባለቤቶች የዳኮታዎች መቃብር ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ሳይቆፈር በሪሞት ሴንሲንግ፣ ማለትም ከሩቅ በሚያይ መሣሪያ፣ ይጣራ ተባለ።

ይህን መድረክ ላይ ያስታወቀው ወንድም «በሪሞት ይታያል» ብሎ አሳጠረው። እኛ ሪሞት የምናውቀው የቴሌቪዥኑን ነው። ጸሎት ላይ አንዱ ሽማግሌ ጌታ የሪሞቱን ባትሪ እንዲባርክ ለመነ፤ ጉባኤውም አሜን አለ። እኔም ብያለሁ። ለፓርኪንጌ ስል የማልለው አሜን አልነበረም።

ባለሙያዋ ቅዳሜ መጣች፤ ሪሞት የሚባል ነገር አልያዘችም። ስትገፋ የመጣችው ሳር ማጨጃ የሚመስል፣ መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር ነበር። ከጉባኤያችን አብረውን የቆሙ አንዲት እማማ፣ ካልቀረስ ወደ በሩም መጥታ ብታጭድልን አሉ። ሴትዮዋ ግን መጀመሪያ አንድ ፎቶ አውጥታ የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘረጋች። ከአውሮፕላን ጨረር እየተለቀቀ የተነሳ ነው፤ ዛፉን ገፎ መሬቱን ብቻ ያሳያል አለችን።

እኔ ያየሁት አመድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ይዘው ለምን ሁለት ሆኑ ብዬ ከአስተማሪዬ የተጣላሁ ሰው ነኝ። ፎቶውም እንደዚያው አናደደኝ። ጥላ ጥላውን ተከተል አለችኝ። ስከተል ብቅ አሉ፤ ድፎ ዳቦ የመሰሉ ክቦች፣ በወንዙ ዳር ተሰልፈው። አንዴ ካየኋቸው በኋላ አላይም ብል እምቢ አሉኝ። ፓርኪንጌ ያኔውኑ አለቀለት።

ራዳሩም ያንኑ አለ፤ ከሥር የሰው እጅ የነካው አፈር አለ። ከባለሙያዋ ጋር የመጡ አንዲት የዳኮታ አሮጊት ነበሩ። ያን ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እማማም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ተናገሩ።

«ነፍስ ይማር።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ አይጸለይም። ፓስተሩን አሳላቸው። አሮጊቷ ምን አሉኝ ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር ማለት ነው አልኳቸው። አሮጊቷ የእማማን እጅ ያዙ።

«ንገርልኝ፤ ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ ሥራው መቼ ይጀመራል ብሎ ነው» አሉ።

ፓስተሩን ሳሉ ለቀቃቸው።

ጉብታዎቹ አልተነኩም። ፓርኪንጉ በወዲያኛው በኩል ተሠራ፤ ጠባብ ነው፤ መኪና ከመኪና እንደ ሰርዲን እየጠቀጠቅኩ እስከ ዛሬ እነጫነጫለሁ። በቀደም አንዱ፣ ስብከት ተጋምሶ የደረሰ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ ላቁም? ማን አለበት?»

«ሰው አለ» አልኩት፤ «ካንተ ቀድሞ የመጣ።»