ፀሐይ ላይ የተሰጡት ድንጋዮች

የሪሞት ድንጋይ ስቀይር ከክዳኑ ሥር የሚወጣው የብረት ሽታ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ስምንተኛ ክፍል ይመልሰኛል። ትናንት አንዱን ድንጋይ ገልብጬ አስገብቼ ቴሌቪዥኑ እምቢ አለኝ።

ያኔ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ድምፄን ግን አጠገቤ የተቀመጠችው እንኳ በደንብ አትሰማውም። ከጽጽቃ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ የጽጽቃዋ ልጅ እንላታለን። በቤቷ የምትናገረው ኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛዋ ኽምጣኛ ኽምጣኛ ይላል፤ ቢሆንም ለሁሉም ጥያቄ እጇን ታወጣለች። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የፊዚክስ መምህራችን ተሳስታም ቢሆን “ጎሽ!” ይሏታል። ለእኔ ወረቀቴ ላይ “በጣም ጥሩ” ይጽፉልኛል እንጂ አንድ ቀን እንኳ በአፋቸው ጎሽ ብለውኝ አያውቁም።

ስለ ኤሌክትሪክ ጅረት ሲያስተምሩን፣ “ጅረቱ መሄጃም መመለሻም ይፈልጋል። መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ አምፖሉ አይበራም። ድንጋዮቹም የአንዱ ራስ የሌላውን ቂጥ መንካት አለበት” አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። “ዓርብ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይዛችሁ ኑ። የማን አምፖል እንደሚደምቅ እናያለን፤ ያ ተማሪ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይወጣል።”

ለእኔ አባቴ አዲስ ገዛልኝ። ለጽጽቃዋ ልጅ ግን አባቷ ከሬዲዮናቸው አውጥተው ልከውላት ነበር። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ነፍስ ይዘራል ብላ፣ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ የግቢው ካብ ላይ አሰጣቻቸው።

“አንቺ፣ በርበሬ ነው እንዴ?” አላት አንዱ።

“በርበሬ ያቃጥላል እንጂ መች ያበራል!”

ልጆቹ ሳቁላት። ለእኔ ማን ስቆልኝ ያውቃል?

ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ከጥቅሉ አንዱን ድንጋይ መዝዤ፣ ገልብጬ መለስኩት። ፀሐዩ አሙቆት ነበር፤ ሙቀቱ መዳፌ ላይ ቆየ።

ተራዋ ሲደርስ ጥቅሉን ሳትፈታ ጫፍና ጫፉን በጣቶቿ ይዛ ሽቦውን አስነካች። አልበራም። መምህሩ አምፖሉን ጠበቅ አደረጉላት። አሁንም አልበራም።

“ሞተዋል ልጄ፤ አይዞሽ።”

“አባቴኮ ዜና እየሰማባቸው ነው ያወጣቸው፣ ቲቸር” አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ አነሰ። ተራዬ ሲደርስ የኔው አምፖል ከሁሉም ደምቆ ቦግ አለ። ከትምህርት በኋላ ድንጋዮቹን ከግቢው ጀርባ ወዳለው ገደል ወርውራ ጣለቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ “አንዱን ገልብጪው” ማለት አቃተኝ። ዛሬ ልነግራት እወዳለሁ። ግን ዐረብ አገር ሄደች ከተባለ ወዲህ አድራሻዋን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በወላጆች ቀን አባቷ ከጽጽቃ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ መድረክ ላይ ወጣሁ። አምፖሉ በራ፤ ማብራሪያዬ ግን ከፊተኛው ረድፍ አላለፈም።

ከኋላ ሌላ ድምፅ ተሰማ። የጽጽቃዋ ልጅ በጣቷ አየር ላይ ክብ እየሣለች፣ የጅረቱን መሄጃና መመለሻ ለአባቷ በኽምጣኛ ታስረዳለች። መጀመሪያ አጠገቧ ያሉት ኽምጣኛ የሚሰሙ እናቶች ጠጋ አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አዞሩ።

“ጮክ በይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ እኛም እንስማ!” አሏት አንዱ።

ብድግ ብላ ጮክ አለች። አባቷ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ መምህሩም ፈገግ ብለው ወደ እሷ ዞረዋል። እኔ የበራ አምፖል ይዤ፣ ማንም ሳያየኝ፣ መድረኩ ላይ ቆሜ ነበር። የሠራሁትን እያወቅኩ፣ ያኔም ቀናሁባት።