የጋሽ ወንዱ የጾም ቁርስ

ሐይቅ መናኸሪያ ገብቶ የጋሽ ወንዱን ድምፅ ያልሰማ መንገደኛ የለም። ተራ አስከባሪ ነው። «ደሴ አንድ ሰው የቀረው! ወልድያ በዚህ!» ሲል ዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ ድረስ ይሰማል። ሾፌሮቹ ይፈሩታል፤ ተራ አያዛባም፣ ለዘመዱም አያደላም። ይበልጥ የሚፈሩት ግን በጾም ወራት ነው።

የገናን ጾም «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ለወንዱ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ነቢያት የጌታን መወለድ እየጠበቁ የጾሙት ጾም ኅዳር አጋማሽ ላይ ሲገባ፣ እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሲጮህ ይውላል። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ረፋድ ላይ የሚበላ ክርስቲያን ሾፌር ካየ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ «መሪውን የሚይዘው ሆድህ ነው እንዴ?» ይለዋል። አምና ታረቀኝ የሚባለውን ወጣት ሾፌር እንዲህ ቢለው፣ ልጁ የጎረሰውን በወጉ ሳይውጥ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወንዱ መናኸሪያው መሃል ወደቀ። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ስኳር ተገኘበት፤ መርፌም ታዘዘለት፤ ለሾፌሮቹ ግን «ድካም ነው» ብሎ ደበቃቸው። ነርሷ አወጋጉን ለሱም ለሚስቱ ለሰብለወንጌልም ካሳየች በኋላ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ቁርስ መዝለል የለም። ተወግተው ሳይበሉ ከቆዩ ራስዎን ይስታሉ» አለችው። ወንዱ እሺ አለ። ሰብለወንጌል ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ ያ እሺታ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ብቻ እንደሆነ ገብቷታል።

እንደፈራችውም አልቀረ። ጾሙ የገባ ዕለት ወንዱ ማለዳ መናኸሪያ ደርሶ፣ የትኬት ክፍሏ ውስጥ ገብቶ መርፌውን ተወጋ። ሚስቱ የቋጠረችለትን ቁርስ ግን አልነካውም። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ «ወልድያ» ሊል ምላሱ ተሳሰረ። ደግነቱ ጁማ አየው። ጁማ የመናኸሪያው ጎሚስታ ነው፤ በልጅነታቸው ሐይቁ ላይ አብረው ዓሣ ያጠመዱ እስላም ወዳጁ። ደግፎ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠውና ስኳር የበዛበት ሻይ አስጎነጨው።

ወንዱ ነፍስ ሲዘራ፣ «ምንድነው ያጠጣኸኝ?» አለ።

«ሻይ።»

«ጾም ነው እኮ!»

«ወላሂ፣ ልትሞትብኝ ነበር!» አለ ጁማ። «እኛ ዘንድ የታመመ ሰው በረመዳንም ይበላል። እናንተ ዘንድ የሚጠየቅ አባት የለም?»

በማግስቱ ወንዱ በእግሩ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደ። የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ትንሣኤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። መስቀል ተሳልሞ ሁሉንም ነገራቸው።

«ብላ» አሉት ሳያቅማሙ። «የጾሙን ምግብ በማለዳ ትበላለህ። እኔ ፈቅጄልሃለሁ።»

ወንዱ ግን አልተነሣም።

«ሌላ ምን አለ?»

«የት ተደብቄ ልብላ፣ አባቴ?»

«ማንን ፈርተህ ነው የምትደበቀው? እግዚአብሔርን?»

«ሾፌሮቹን» አለ ወንዱ።

አባ ሰፌዱን ከጉልበታቸው አወረዱ። አልሳቁበትም። «እንግዲያው ጾምህ እሱ ነው፣ ልጄ። የመናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ ብላ። ቢዘብቱብህ ታምሜ ነው ብለህ አትከላከል። ነቢያት የጠበቁት ጌታ ሲመጣ የተገኘው በረት ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ በየዓመቱ ሰገነት ላይ ወጥተህ ትጠብቀዋለህ። ውረድ።»

ወንዱ መንገዱን ሁሉ አባን ሲቀየም ሄደ። ሌላ መነኩሴ ቢሆን ስግደት ይሰጠው ነበር፤ ስግደት ይሻለው ነበር።

በነጋታው ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የሽሮ ፍትፍቱን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ታረቀኝ ነበር።

«ጋሽ ወንዱ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዘንድሮ ጾሙ የቄስ ሆነ እንዴ?»

ሾፌርና ረዳት ሁሉ ሳቀ። ወንዱ ጆሮው ጋለ። «በሽተኛ ነኝ» የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ደርሳ ነበር፤ ከጉርሻው ጋር ዋጣት።

«ጾሙስ ያው ነው፣ ታረቀኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያቃተኝ።»

ያልጠበቁት መልስ ስለነበር ሳቁ ቶሎ በረደ። ወንዱ ያን ቀን ከወትሮው ቀስ ብሎ ነበር የተጣራው። በሚቀጥለውም ቀን ብዙ አልጮኸም። የሚተርቡት አልጠፉም፤ እሱም በየጠዋቱ እየከበደው በላ። አንድ ቀን ከአግዳሚው ሊቀር አስቦ የምግብ ዕቃውን ትኬት ክፍሏ ውስጥ አስቀምጦ ወጥቶ ነበር፤ ተመልሶ አመጣው።

ታኅሣሥ ከገባ በኋላ፣ ቆሎ የምትሸጠው ባንቺአየሁ ቂጣዋን ይዛ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አብረን እንብላ፣ ጋሽ ወንዱ።»

«ነይ፣ ቁረሺ። አንቺም ታምመሽ ነው?»

«መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በባዶ ሆድ አይሆንም። ከካቻምና ጀምሮ በጾም የምበላው ከጁማ ጎማ ክምር ኋላ ተደብቄ ነው።»

«ማንን ፈርተሽ?»

ባንቺአየሁ ቂጣውን ቆረሰች። «አንተን ነዋ» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር።

ወንዱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አኖረ። በየቀኑ ከእሷ ቆሎ እየገዛ፣ ልጆቿን በስም እየጠራ ሲጠይቃት፣ ይህን አያውቅም ነበር። እንባው መጣና በኩታው ጫፍ ጠረገ።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን። ይልቅ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

ከዚያ ወዲያ አግዳሚው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጁማም ሥራ ሲላላለት ሻዩን ይዞ ይመጣል። ምስጢሩን ለታረቀኝ ያወጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ጠዋት ታረቀኝ አንገቱን ደፍቶ ወንዱ ፊት ቆመ።

«ጋሽ ወንዱ፣ መታመምህን አላወቅሁም። አፌ ይቆረጥ…»

«ዝም በል!» አለው ወንዱ በዚያ በጥንቱ ድምፁ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ግን ሳቅ አለና እጁን ይዞ አስቀመጠው። «ጾሜን ልታስፈታኝ ነው እንዴ? ይልቅ የአምናውን አንተ ይቅር በለኝ። ጉርሻህ አንቆህ ነበር።»

ታረቀኝ መኪናው እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ ቆየ።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰብለወንጌል ዶሮውን አቀረበች። ነርሷ ቅባትም ይቀነስ ብላ ስለነበር፣ ለባሏ ያወጣችለት አንዲት ብልት ብቻ ነበረች። ወንዱ ብልቷን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«በጾሙ ብላ፣ በፍስኩ ተው! እንዲህ ያለ ሕግ የት አገር ነው ያለው?» አለ።

ሰብለወንጌል ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲቀልድ ሰምታው አታውቅም። እየሳቀች ከራሷ ድርሻ ቆንጥራ አጎረሰችው።