መርዶ ነጋሪዋ ሲስተር

ጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ክፍል ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምትናገረው ሲስተር የትነበርሽ ናት። ማንም አልሾማትም። ሐኪሞቹ እንግሊዝኛቸውን ካርድ ላይ ሞነጫጭረው ውልቅ ይላሉ፤ ከገበሬው ፊት የሚቆም ሰው ደግሞ መኖር አለበት። እሷ ታውቅበታለች። ጠና ያለ ዘመድ እስኪመጣ «ትንሽ ደከም ብሏል» እያለች ታቆያለች። በስልክማ ጨርሶ አይሆንም፤ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም።

በፊት በፊት ቤቷ ገብታ ታለቅስ ነበር። አሁን እጇን ታጥባ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ባልደረቦቿ ልበ ደንዳና ይሏታል። ነገሩ ድንዛዜ ነው እንጂ ጭካኔስ አይደለም። ለሁሉም እያለቀሰ በዚያ ክፍል የሚዘልቅ ሰው ካለ እስቲ ያምጡት!

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ የአንድ በሽተኛ ግሉኮስ ስትቀይር፣ ታላቅ ወንድሟ አዳነ ከትውልድ አገራቸው ከመካነ ብርሃን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከጎኑ የንስሐ አባቷ አባ ወልደኢየሱስ አሉ።

«እማ ትንሽ አሟት ነው። ልጄን አምጡልኝ አለች» አላት።

ለትንሽ ሕመም የንስሐ አባት አይጠራም። የትነበርሽ ወዲያው ገባት። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቀብሩን አቆይተውላት ይሆን? የእናቷን ፊት አንዴ ማየት ብቻ ነበር የፈለገችው።  የግሉኮሱን ጠብታ አስተካክላ፣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

አዳነ ተከራይቶ ባመጣው መኪና ውስጥ አባ ከፊት፣ ወንድምና እህት ከኋላ ተቀመጡ። ደባርቅ ሳይደርሱ እንደ ሥራዋ መጠየቅ ጀመረች።

«እህል ትቀምሳለች?»

«አጥሚት ትጠጣለች» አለ አዳነ።

«ትንፋሽ ያጥራታል?»

«ምነው፣ ሸጋ አድርጋ ትተነፍሳለች።»

«የእግሯ እብጠትስ?»

«ጎድሏል።»

ውሸት መሆኑን እያወቀች ደስ አላት። እሱ እስከመለሰላት ድረስ እናቷ ቤቷ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። ስለዚህ ጥያቄ አላቋረጠችም።

«አያ፣ እጇስ ይሞቃል?»

አዳነ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ያለቅስ ጀመር።

«ማክሰኞ ቀበርናት» አለ በመጨረሻ። «በስልክ ልነግርሽ ብዬ ፈራሁ። ብቻሽን ብትሆኝስ?»

አባ ዞር ብለው «እግዜር ያጥናሽ። አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ» አሏት።

ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣም። የሚያለቅሰውን የወንድሟን እጅ ያዘች። ጣቶቿ ሳታስበው አንጓው ላይ አረፉ፤ የደም ሥሩን ምት መቁጠር ጀመረች።